ርካሽ ራም ባሕር ዳር ላይ፦ አዲስ ወይስ ያገለገለ? አንድ ወይስ ሁለት?

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ከጎረቤትም ከጓደኛም የሚመጣው ምክር አንድ ነው፦ «ራም ጨምርበት!» ራም ማሽኑ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ ነው። ምክሩ ክፋት የለውም። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ገበያ ስትወጡ ነው። አንዱ ሱቅ የታሸገ አዲስ ያሳያችኋል። ቀጥሎ ያለው ጥገና ቤት ከመሳቢያው አቧራ የለበሰ ያወጣል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ከሁለቱም በታች ይጠራል። ሁሉም «8 ጂቢ ነው» ይላሉ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው ለየቅል ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ ለሚሠሩት አሮጌ ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች፣ ከሌላ ማሽን የተፈታ የታወቀ ፋብሪካ ራም ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ራም ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውም ይቀላል። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እውነት ራም ነው የጎደለው?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡት። የዘወትር ሥራችሁን ከፍታችሁ እየሠራችሁ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሜሞሪን (ራሙ ማለት ነው) እና ዲስክን ተመልከቱ። ማሽኑ ገና እንደተነሳ ማየት ጥቅም የለውም፤ ያኔ ሁሉም ጨዋ ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ያለች አንዲት የጽሕፈትና ኮፒ ቤት እንውሰድ። ጊዜው ሰኔ ነው፤ ተመራቂው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ተሰልፏል። ማሽኗ 4 ጂቢ ያላት ኤችፒ ናት። ዎርድ ላይ በፎቶና በሠንጠረዥ የታጨቀ ጽሑፍ ተከፍቷል። ክሮም አለ። ተማሪው ፋይል የሚልክበት ቴሌግራምም ከጎን ክፍት ነው። ሜሞሪው ከ90 በመቶ አልፏል፣ ዲስኩ 100 በመቶ ደርሷል። ባለቤቷ አንድ ገጽ ወደ ታች ለማውረድ ማውሱን ስታንቀሳቅስ ያቺ ሰማያዊ ክብ መሽከርከር ትጀምራለች። ተማሪው «እህቴ፣ አልደረሰም?» ይላል። እሷም «ትንሽ ታገሠኝ፣ ሃንግ አድርጎ ነው» ትላለች።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የራም ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ እያኖረ፣ ሲፈለግ መልሶ ያመጣዋል። ዲዲአር3 1600 የሚባለው ተራ የራም ዓይነት በሰከንድ እስከ 12,800 ሜጋባይት ያመላልሳል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ቢበረታ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ሥራው ከዚያኛው ወደዚህኛው በተዛወረ ቁጥር ማሽኑ ደርቆ ይቀራል።

ሜሞሪው 50 ወይም 60 በመቶ ላይ ቆሞ ዲስኩ ብቻ 100 በመቶ ከነደደ ግን ራም ብትጨምሩ ለውጥ አታዩም። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ሃርድ ዲስክን የሚተካ ፈጣን ማከማቻ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ የምለው ይህን ነው፦ 4 ጂቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆናችሁ መጀመሪያ ራሙን 8 አድርሱ። 8 ካላችሁና አሁንም ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆናችሁ ኤስኤስዲው ይቅደም። 8 ጂቢ ይዞ በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ማሽን ላይ ሌላ 8 ጂቢ የሚጨምር ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው አዋለው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ መጠቀም አይችልም፤ ከ4ቱም ቢሆን የሚታየው 3 ጂቢ ምናምን ነው። ፎርማት ሲያደርጉ 32 ቢት የሚጭኑ ጥገና ቤቶች አሁንም አልጠፉም። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ብትሉ «ሲስተም ታይፕ» የሚለው ላይ ይነግራችኋል። 32 ከሆነ መጀመሪያ 64 ቢት ይጫንላችሁ።

ማሽናችሁ የትኛውን ይቀበላል?

ዲዲአር2፣ 3፣ 4 እና 5 የራም ትውልዶች ናቸው። ዲዲአር3 ያለው ማዘርቦርድ (ራሙ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ዲዲአር4 አይቀበልም፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። የራሙ ጥርስ መካከል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አይገጥምም። አልገባም ካለ በጉልበት አትግፉት።

የማሽኑን ዕድሜ ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ማወቅ ይቻላል። ኢንቴል ኮር አይ5-3470 የሚል ከሆነ የመጀመሪያዋ 3 ሦስተኛ ጀነሬሽን መሆኑን ትናገራለች። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ጀነሬሽን ዲዲአር3 ነው። ከ6ኛ እስከ 9ኛ በአብዛኛው ዲዲአር4 ነው፤ 6ኛው ላይ አንዳንድ ቦርድ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለውን ዲዲአር3ኤል ይጠቀማል። ከ12ኛ ወዲህ እንደ ቦርዱ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 ነው። ዲዲአር2 ማሽን ካላችሁ ምንም ገንዘብ አታውጡበት።

መጽሐፍ የሚያካክሉት ትንንሾቹ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ የላፕቶፕ ራም ነው የሚጠቀሙት። የዴስክቶፕ ራም ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የላፕቶፑ የዚያ ግማሽ ነው። ሳይከፍቱ ገምቶ መግዛት ዕዳ ነው።

ሲፒዩ ዜድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሜሞሪ በሚለው ገጹ ዓይነቱን፣ ኤስፒዲ በሚለው ደግሞ እያንዳንዱ ስሎት (የራም መሰኪያ) ላይ ምን እንዳለ ይነግራችኋል። ከዚያ የሚበልጥ መንገድ ግን አለ፦ ኬዙን፣ ማለትም የማሽኑን ሣጥን ራሱን ይዞ ሱቅ መሄድ። ሞኒተሩንና ኪቦርዱን እቤት ተዉት፤ ሱቁ አያጣም። ከዓባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ አካባቢ ለመሻገር ባጃጅ ይበቃል። ኬዙን ወለሉ ላይ አታስቀምጡት፣ ጭናችሁ ላይ አድርጉት። ውስጡ ሃርድ ዲስክ ካለ ድንጋይ ንጣፉ ላይ የሚመጣው ንዝረት አይስማማውም። ለአንዲት ራም ኬዝ ተሸክሞ መሄድ የተጋነነ ይመስላል። ነገር ግን የባጃጁ ሂሳብ የማይገጥም ራም ለመመለስ ከሚደረገው ጭቅጭቅ ይረክሳል።

ስንት ጂቢ?

ለዎርድ፣ ለኤክሴል፣ ለሂሳብ ፕሮግራሙ ለፒችትሪ፣ ለክሮምና ለቴሌግራም 8 ጂቢ በቂ ነው። ጽሕፈት ቤት፣ ትንሽ ቢሮና የተማሪ ቤት እዚህ ላይ መቆም ይችላል።

ለቪዲዮ ነገሩ ይለያል። ጥር ሲገባ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች እንቅልፍ የላቸውም። አዶቤ ለፕሪሚየር ዝቅተኛው 8 ጂቢ ነው ቢልም ለኤችዲ ቪዲዮ የሚመክረው 16 ጂቢ ነው። ፖሊ ግቢ ያሉ የሲቪልና የአርክቴክቸር ተማሪዎችም ከዚሁ ይመደባሉ፤ የቅርብ ዓመታቱ ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም) ዝቅተኛው ራሱ 16 ጂቢ ነው። አውቶካድ ብቻ ለሚሠራ ሰው 8 ያስኬዳል።

ታዲያ አሮጌውን ዲዲአር3 ማሽን ወደ 16 ማድረስ ያዋጣል? እኔ አያዋጣም ባይ ነኝ። ዲዲአር3 ላይ ያዋላችሁት ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ነገ ማሽን ብትቀይሩ ራሙ አብሯችሁ አይሄድም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዲዲአር3ውን በርካሽ 8 አድርሳችሁ እስከሚሄድ ተጠቀሙበት። 16 የግድ ከሆነባችሁ ገንዘቡን ወደ 8ኛ ጀነሬሽን ማሽን መግዣ አዙሩት። ዲዲአር4 ላይ የምታወጡት ብር ግን ወደሚቀጥለው ዲዲአር4 ማሽን አብሯችሁ ይሻገራል።

አንድ ባለ 8 ወይስ ሁለት ባለ 4?

ሁለት እኩል ራም ቀለማቸው አንድ በሆነ ስሎቶች ላይ ሲሰካ ማሽኑ በሁለት መስመር ያነባል። ዱዋል ቻናል የሚሉት ይህን ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ምስሉንም የሚሠራው በዚሁ ራም ስለሆነ በቪዲዮና በጌም ላይ ለውጡ ይታያል። ዎርድ ላይ ግን አይታወቅም።

መለያው ወደፊት የምታስቡት ነው። ዲዲአር3 ማሽን ከሆነና መድረሻው 8 ከሆነ ሁለት ባለ 4 ግዙ። ያገለገለ ባለ 4 በቀላሉ ይገኛል፣ ዱዋል ቻናሉንም ታገኛላችሁ። ዲዲአር4 ማሽን ከሆነና ስሎቱ ሁለት ብቻ ከሆነ አንድ ባለ 8 ግዙ፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ለከርሞ ይቆይ። ሁለቱንም በባለ 4 ሞልቶ ከዓመት በኋላ ሁለቱንም አውጥቶ መጣል ነው ውድ የሚሆነው።

ያለችውን 4 ሳያወጡ 8 መጨመርስ? ይቻላል፣ 12 ይሆናል። ብዙዎቹ ኢንቴል ማሽኖች እኩል የሆነውን ያህል በሁለት መስመር፣ ትርፉን በአንድ መስመር ያነቡታል። ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች ሲቀላቀሉ ሁሉም የሚሄዱት በቀርፋፋው ነው። እንዲሁም 2400 ብቻ የሚችል ቦርድ ላይ 3200 ብትሰኩ በ2400 ይሠራል። ከፍ ላለ ቁጥር ተጨማሪ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም።

አዲስ፣ ያገለገለ፣ ወይስ ስም የለሽ አዲስ?

ራም የሚሽከረከር ወይም የሚያልቅ ነገር የለውም። ሃርድ ዲስክ ዕድሜው ይቆጠራል፤ ኤስኤስዲም በተጻፈበት ቁጥር ያረጃል። ራም ግን በደህና ከተያዘ ማሽኑ ከሞተ በኋላም ይሠራል። «ያገለገለ ነው» የሚለው ቃል ለራም ሲሆን ብዙ አያስፈራም። ብዙዎቹ ያገለገሉ ራሞች ደግሞ ከቢሮ ማሽን የተፈቱ ናቸው። ዴልና ኤችፒ ለቢሮ ማሽኖቻቸው ብዙ ጊዜ የሚሰኩት የሳምሰንግ፣ የኤስኬ ሃይኒክስ ወይም የማይክሮን ራም ነው። ቀለም የለውም፣ ማሸጊያም የለውም፤ አረንጓዴ ቦርድና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። አያምርም፣ ይሠራል።

አዲስ የታወቀ ስም፣ ለምሳሌ ኪንግስተን፣ ጥሩ ነው። ዲዲአር4 ሲሆን በተለይ ያስኬዳል። ችግሩ ዋጋውና ኮፒው ነው። ብዙዎቹ ትላልቅ ስሞች ለራም የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ። ሆኖም ያ ዋስትና ባሕር ዳር ላለ ሰው ወረቀት ነው። እዚህ የሚሠራው ዋስትና ባለሱቁ «ካልሠራ መልስልኝ» ብሎ ደረሰኙ ላይ የጻፈላችሁ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ነው የሚሸውደው። አዲስ ነው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፣ ብልጭልጭ ስም አለው፣ ዋጋውም ከተፈታው ራም ጋር ይቀራረባል። ዲዲአር3 ባለ 8 ሆኖ እንዲህ ሲረክስ ጠርጥሩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ «ለኤኤምዲ» (የኢንቴል ተፎካካሪ ፕሮሰሰር) የሚባሉት ናቸው። ቺፖቻቸው (ራሙ ላይ ያሉት ጥቁር ቁራጮች) ባለ 4 ቢት ዓይነት ናቸው፤ የኢንቴል ዴስክቶፕ ደግሞ ባለ 8 ወይም ባለ 16 ቢት ቺፕ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ኤኤምዲ ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ኢንቴል ላይ ግን ማሽኑ አይነሳም ወይም ግማሹን ብቻ ያነባል። ከተማው ውስጥ ያሉት የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ኢንቴል ናቸው። ነጋዴው ሁልጊዜ ሆን ብሎ አይደለም የሚሸጠው፤ እሱም በካርቶን ገዝቶት ነው።

ማምለጫው ነጩን ወረቀት ማንበብ ነው። የተፈታ ራም ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ፦ «4 ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ3-12800ዩ»። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ግን ትርጉሙ ቀላል ነው። 4 ጂቢ መጠኑ ነው። ከኤክስ ቀጥሎ ያለው 8 የቺፑ ዓይነት ነው፤ እዚያ ቦታ 4 ካያችሁ መልሳችሁ ስጡት። ፒሲ3 ማለት ዲዲአር3፣ ፒሲ4 ማለት ዲዲአር4 ነው። ፒሲ3ኤል ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው፤ በ1.35 ቮልት ይሠራል፣ የተለመደው ባለ 1.5 ቮልት ዴስክቶፕ ላይም ይሄዳል። 12800 ፍጥነቱ ነው፤ 1600 ከሚባለው ጋር አንድ ነው። 10600 ካለ 1333 ነው። ዲዲአር4 ላይ 19200 ማለት 2400፣ 21300 ማለት 2666፣ 25600 ማለት 3200 ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ወሳኝ ናት። ዩ ከሆነች የዴስክቶፕ ናት። ኤስ ከሆነች የላፕቶፕ ናት። አር ከሆነች የሰርቨር (የድርጅቶች ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ናት፤ መልኩና መጠኑ ከዴስክቶፑ ጋር ቢመሳሰልም ተራ ዴስክቶፕ ላይ አይነሳም። የሰርቨር ራም ከሌላው ሁሉ ረክሶ የሚገኘው ለዚህ ነው። 16 ጂቢ ዲዲአር3 በ8 ጂቢ ዋጋ ከቀረበላችሁ መጀመሪያ ያቺን ፊደል ፈልጉ።

ወረቀቱ የተላጠ ከሆነ ቺፖቹን ቁጠሩ። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ጀነሬሽን ለሆነ ኢንቴል የሚሆን ባለ 8 ጂቢ ዲዲአር3 በሁለቱም ገጽ 8፣ 8፣ በድምሩ 16 ቺፕ ይኖረዋል። ባለ 8 ጂቢ ዲዲአር3 ሆኖ በአንድ ገጽ ብቻ 8 ቺፕ ካለው እያንዳንዱ ቺፕ ብዙ ስለሚይዝ ለእነዚህ ማሽኖች አይሆንም። በአንድ ገጽ 9 ቺፕ ከቆጠራችሁ የሰርቨር ወገን ነው። 16 ቺፕ መኖሩ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ያ የኤኤምዲውም 16 ሊሆን ይችላል። ወረቀት የሌለውን ራም ሳይሰካ አትክፈሉበት።

ከየት ይገዛ?

ስለ ዋጋ ቁርጥ ያለ ብር አልጽፍም፤ ይህን ስታነቡ ተቀይሮ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከዶላር ጋር ይወጣል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያም ሽቅብ ወጥቷል። ትላልቆቹ አምራቾች ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ወደሚሆነው ስላዞሩ ነው። ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ገዢ የሚሸጠውን ጭራሽ እንደሚያቆም በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ አስታውቋል። ጓደኛችሁ አምና የገዛበትን ዋጋ ይዛችሁ ሄዳችሁ «ሸወደኝ» አትበሉ። ማወዳደሪያችሁ የዚያኑ ዕለት ዋጋ ለጂቢ ሲካፈል ይሁን። ባለ 8ቱ ከሁለት ባለ 4 ድምር በታች ከተጠየቀ ባለ 8ቱ ይሻላል፤ በላይ ከሆነ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ።

የመጀመሪያው ምርጫ የከተማው ጥገና ቤት ነው። ከሽያጭ ሱቅ ይልቅ ጥገና ቤት እላለሁ። ጥገና ቤት የሞተ ማሽን አያጣም፤ የተፈታ ራምም መሳቢያው ውስጥ አለ። እዚያው ሰክቶ ለማሳየትም አይሰንፍም። «ወንድሜ፣ ዩ የሚል ፒሲ3 አለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ከመሳቢያው አውጥቶ ወረቀቱን እያነበበ ካሳያችሁ ቁጭ በሉ። «ሁሉም ይሠራል፣ አታስብ» ካለ ወደሚቀጥለው በር እለፉ።

እዚያው ሳላችሁ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ሙሉ ማሽን ዋጋ ጠይቁ። አንዳንዴ ከነራሙ የሚሸጠው ማሽን ራሙ ብቻ ከሚሸጥበት ብዙም አይርቅም። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ሲሸጡ የሚገኙትም ከዚህ ይመደባሉ፤ ግን ጨረታ ለአንድ ራም ፈላጊ አይሆንም። ሦስት አራት ማሽን ያለው ጽሕፈት ቤት ወይም ጌም ቤት ቢገባበት ያተርፋል።

አዲስ አበባ በቴሌግራም ማዘዝ ሁለተኛው ነው። ምርጫው ሰፊ ነው፣ ከውጭ የገባ ስላሽ ዕቃም ብዙ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ግን «ብር ላክና በአውቶቡስ ይደርስሃል» ነው ነገሩ። በቴሌብር የላካችሁት ገንዘብ አይመለስም ብላችሁ አስቡ። መንገዱ ክፍት ባልሆነበት ሳምንት ደግሞ ዕቃው መናኸሪያ ተቀምጦ ይከርማል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ፦ የዋጋው ልዩነት የመላኪያውን ሂሳብ ሁለት ጊዜ ካልሸፈነ አላዝም። አንዱ ለማምጫ ነው፣ አንዱ ካልሠራ ለመመለሻ። ካዘዛችሁም ከመክፈላችሁ በፊት የነጩን ወረቀት ፎቶ አስልኩ። ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ ሳይሆን እሱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ይሁን። የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ ከጎኑ አስቀምጦ ቢያነሳው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ ራም ለማስመጣት የሚመች ዕቃ ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሻንጣ አይከብድም። «8 ጂቢ ራም አምጣልኝ» ግን አትበሉ። ያለችውን ራም አውጥታችሁ የወረቀቱን ፎቶ ላኩና «ልክ ይህን» በሉ። ከዚያ የመጣ ራም ካልገጠመ መመለሻ የለውም።

ባንኮኒው ላይ

ኬዙን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፈተናው ቀላል ነው። ገመዱ ይነቀል፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ። ራሙ ሲገባ ጫፎቹ ላይ ያሉት መያዣዎች ራሳቸው ቀጭ ብለው መዘጋት አለባቸው። ማሽኑ ከተነሳ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱ። ድምሩ ልክ ነው? ከታች «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» የሚለው ላይ የተጻፈው ትንሽ ነው? እዚያ ላይ ጂቢ የሚያህል ከተያዘ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ፍጥነቱንና የተያዙትን ስሎቶችም እዚያው ታያላችሁ።

ማሽኑ ጩኸት ካሰማ ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ወዲያው ራሙን አትኮንኑ። ከጥርሶቹ ላይ አቧራና ላብ ይኖራል። የእርሳስ ላጲስ ይዛችሁ ጥርሶቹን በቀስታ አሻሹ፣ ፍርፋሪውን እፍ በሉ፣ መልሳችሁ ስኩ። ከዚያም አንድ አንዱን ለየብቻ፣ በተለያየ ስሎት ሞክሩ። ይህን ሁሉ አልፎ ካልነሳ ሌላ አምጣ በሉት።

ባንኮኒው ላይ የተነሳ ራም ግን ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ የሚያብደው ሲሞላ ነው። ሰማያዊ ስክሪን፣ ፋይል መበላሸት፣ በራሱ ሪስታርት ማድረግ የዚያ ምልክቶች ናቸው። ለዚህ ሜምቴስት86+ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ማሽኑን በእሱ ታስነሳላችሁ፣ እሱም ራሙን ከዳር እስከ ዳር እየጻፈ ያነባል። 8 ጂቢ አሮጌ ማሽን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ማታ አስነስታችሁ ተኙ። መብራት የማይጠፋበትን ማታ መምረጥ የእናንተ ዕድል ነው፤ ከጠፋ ከመጀመሪያው ይጀምራል እንጂ ምንም አይጎዳም። ጠዋት አንዲት ቀይ መስመር ካያችሁ ራሙ ይመለሳል። አንድ ስሕተት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ የለም።

ለዚህ ነው ከባለሱቁ ጋር የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ መነጋገር ያለባችሁ። ሦስት ቀን ይበቃል፣ ሳምንት ከሰጣችሁ እሰየው። ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ራሙ ላይ የሱቁን ስቲከር ይለጥፍበታል፣ አትላጡት፤ የእሱ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።

የወጣችው አሮጌ ራምስ? ባለ 2 ዲዲአር3 ብዙ ብር አታወጣም። ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት «እነዚህን ያዝና ልዩነቱን ልክፈል» ብላችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጥገና ቤቶች እሺ ይላሉ። ሁለት ካሏችሁ ግን አንዷን ብቻ ስጡ። ሌላዋን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ መሳቢያ ውስጥ አኑሯት። አንድ ቀን ማሽኑ አልነሳ ሲል ችግሩ ከራሙ ይሁን ከስሎቱ የምትለዩት እሷን ሰክታችሁ ነው።